ጠመንጃ መያዝን ለሚጀምር

በየቤታችን ግድግዳ ጠመንጃ ተሰቅሎ እያየን ያደግን ብዙዎች ነን፤ ተኩስን በሥርዓት የተማርን ግን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ «ባዶ ነው» ከሚለው ቃል እንጀምር። ካዝናው በመውለቁ ብቻ ጠመንጃው ባዶ አይሆንም፤ አንዲት ጥይት ቀድማ ጐርሳ ከሆነ እማደሪያዋ ተቀምጣ ትቀራለች። ቅደም ተከተሉን ብናዛባም ያው ነው፤ ካዝናው ሳይወልቅ ቃታውን ስበን ብንለቅ አንዷ ጥይት ስትወጣ ሌላይቱ ትገባለች። መጀመሪያ ካዝናውን ማውለቅ፣ ቀጥሎ ቃታውን ስቦ ማደሪያውን በዓይን ማየት፣ ከጨለመም በጣት መዳሰስ ይገባል። ይህ ሁሉ ሲሆን አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዞራል፤ ጣታችንም ሳናነጣጥር ምላጩን አይነካም። ጠመንጃውን ያቀበለን ወንድማችን «አይቼዋለሁ» ቢለንም ደግመን እናያለን፤ ቢቀየም ይቀየም።

ማነጣጠር ሒሳብ ነው። በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል 50 ሳንቲሜትር ቢኖር፣ የፊተኛው 1 ሚሊሜትር ቢዛነፍ፣ ጥይቱ በ100 ሜትር ርቀት 20 ሳንቲሜትር ይስታል። ስለዚህ ዓይናችን ከሩቁ ኢላማ ይልቅ የፊተኛውን ማነጣጠሪያ አጥርቶ ይመልከት። ሰደፉ ከትከሻ ይጥበቅ፤ ትንፋሽ ወጥቶ ጥቂት በሚያርፍበት ጊዜ ምላጩ በዝግታ ይሳብ። የጀማሪ ጥፋት ድምፁን ፈርቶ ምላጩን መንጠቅ ነው (እኛማ ዓይናችንንም ጨፍነን ነበር)። አምስት ጥይት ተኩሰን ቀዳዳዎቹ ባንድ ስፍራ ተሰብስበው ከመካከሉ ቢርቁ ማነጣጠሪያው ይስተካከላል፤ ከተበተኑ ግን ማነጣጠሪያውን አንንካ፤ ጥፋቱ የእጃችን ነው።