የደጋ ልጅ ብትሆኑም ኪሎ ሜትሩን ቀስ በቀስ ጨምሩ

 

ዛሬ ስለ ሩጫ እናውራ፤ በተለይ መንዝ፣ ግሼ ወይም መርሐቤቴ አድጋችሁ አሁን አዲስ አበባ ቢሮ ለምትውሉ። ለማራቶን ልምምድ ጀምረው ቅልጥማቸውን የሚያማቸው ሰዎች ወደ እኔ ሲመጡ የሚሉት ተመሳሳይ ነው፦ «ዶክተር፣ እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፤ ትንፋሼ ደህና ነው። እግሬን ምን ነካው?»

መልሱ አጭር ነው፦ ትንፋሽና አጥንት እኩል አይሠለጥኑም።

መሮጥ ስትጀምሩ የልብና የደም ዝውውር አቅም በጥቂት ሳምንታት ይሻሻላል። አጥንት ግን ዘገምተኛ ነው። አዲስ ጫና ሲያርፍበት መጀመሪያ አሮጌውን ክፍል ያፈርሳል፣ ቀጥሎ አዲስ ይገነባል። ይህ ከ3 እስከ 4 ወር ይፈጃል። ፈርሶ ገና ሳይገነባ ባለበት ጊዜ አጥንቱ ለጊዜው ይዳከማል። ትንፋሻችሁ ደግሞ ልክ በዚያ ሰሞን «ጨምር፣ ጨምር» ይላችኋል። ከጨመራችሁ አጥንቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ልጅ ሆናችሁ ከብት ስትጠብቁና ትምህርት ቤት በእግር ስትመላለሱ አጥንታችሁ ጠንክሮ ነበር። አጥንት ግን የሚጠነክረው በሚሸከመው ልክ ነው፤ ለዓመታት ወንበር ላይ ሲውል ይሳሳል።

ሸዋ ውስጥ ጃቶ የተወለደውን አበበ ቢቂላን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ። በ1964 ቶኪዮ ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደገመው። በ1968 ሜክሲኮ ላይ ግን 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ያስቆመው የእግር ጉዳት ነበር። ለእሱ ያልቀረ ለእኛም አይቀርም።

እንዴት እንጨምር?

1. በሳምንት 3 ቀን፣ በድምሩ 15 ኪ.ሜ ጀምሩ። ቀጥሎ 17፣ ከዚያ 19። በ4ኛው ሳምንት ወደ 14 ዝቅ በሉ፤ አጥንት የሚገነባው በዕረፍት ነው። በ5ኛው ከ20 ቀጥሉ። በዚህ አካሄድ 40 ኪ.ሜ ለመድረስ 4 ወር ገደማ ይፈጃል። የማራቶን ፕሮግራም ከዚያ በኋላ ይጀመራል። እስከዚያ የታላቁ ሩጫ 10 ኪ.ሜ ጥሩ ግብ ነው።

2. የአንድ ቀኑን ረጅም ሩጫም በአንዴ አታስረዝሙ። ከ6 ወደ 7 እንጂ ከ6 ወደ 12 አይኬድም።

3. እየሮጣችሁ ማውራት ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው።

ለበዓል አገር ቤት ስትሄዱስ?

አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መሐል ሜዳ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ኦክስጅኑ ይሳሳል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ርቀቱንም ፍጥነቱንም ቀንሱ። መርሐቤቴ የምትሄዱ ደግሞ ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርደው ቁልቁለት አያታልላችሁ። ቁልቁለት ለትንፋሽ ይቀላል፤ ለጭንና ለቅልጥም ግን ከሜዳ ይከብዳል።

ሩጫ አቁማችሁ ወደ ሐኪም የምትሄዱት መቼ ነው?

- ሕመሙን በአንድ ጣት «እዚህ ጋ» ብላችሁ ማሳየት ከቻላችሁ
- ማታ ተኝታችሁም ካመማችሁ
- በአንድ እግር ስትዘሉ ከጠዘጠዛችሁ
- ሴቶች፦ ልምምድ ከጀመራችሁ በኋላ የወር አበባ ከቀረ (ሰውነት በቂ ምግብ ካላገኘ አጥንትም ይሳሳል)
- የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት ካለ፦ በዚያው ሰዓት!

የመጀመሪያው ራጅ ንጹሕ ቢሆንም አትዘናጉ፤ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ዳይክሎፌናክ ውጦ መሮጥ ደግሞ ሕመሙን ይደብቃል እንጂ ስንጥቁን አይጠግንም፤ ውኃ ባነሰው ሰውነት ላይ ኩላሊትንም ይጎዳል።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ሰሞኑን ሩጫ ለጀመረ ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት። መልካም ልምምድ!