ታንኳችንን በእጃችን እንጠግን

ከጎንደር ከተማ ተነስተን በአዘዞ በኩል ቆላ ድባን አልፈን ብንወርድ ጎርጎራ እንደርሳለን። ጎርጎራ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ ላይ ትገኛለች። ከማራኪ ወይም ከደጋው ለሚወርድ ሰው ጣና ባሕር ይመስለዋል። ቢመስለው አይፈረድበትም። በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ጣና ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር አያንስም።

በሐይቁ ዳር የሚኖር ሰው ዓሣውን ያጠመደው፣ ማገዶውንና እህሉን ያሻገረው ከጥንት ጀምሮ በታንኳ ነው። ዛሬ የሞተር ጀልባ አለ። ሆኖም ታንኳ አልቀረም። ታንኳ ለባለቤቱ እንደ አህያ ነው፤ ይጭናል፣ ያደርሳል። ነገር ግን አህያ ቢደክም መንገድ ላይ ይተኛል፣ ሰውየው በእግሩ ይገባል። ታንኳ የሚደክመው ግን ውሃ መካከል ነው። ስለዚህ ታንኳን በጊዜው መጠገን የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሕይወት ጉዳይም ነው።

ታንኳ ለምን ይንሳፈፋል?

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል በውሃ ዳር የሚበቅል፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ተክል ነው። አገዳውን ሰብረን ብናየው ውስጡ ነጭና ልል ነው። በዚያ ልል ነገር ውስጥ ብዙ አየር አለ። ታንኳን ከውሃ በላይ የሚይዘው ይህ አየር ነው።

የእንጨት ጀልባ ውስጡ ባዶ ነው። ውሃ ከሞላው ይሰጥማል። ታንኳ ግን እንደዚያ አይደለም። በአገዳዎቹ መካከል ውሃ ይገባል፣ ይወጣል፤ ታንኳው ግን አይሰጥም። ታዲያ ታንኳን የሚገድለው ምንድን ነው? ሁለት ጠላቶች አሉት።

አንደኛው ጠላት እርጥበት ነው። ታንኳው ውሃ ላይ በቆየ ቁጥር ውሃው ቀስ እያለ ወደ አገዳው ይሰርጋል። አየሩ ይወጣል፣ ውሃው ይተካል። ታንኳው ይከብዳል፣ ዝቅ ይላል፣ በመጨረሻም ይበሰብሳል።

ሁለተኛው ጠላት የገመድ መላላት ነው። ደንገል ለብቻው አንድ አገዳ ነው፤ ሕፃን ልጅ ይሰብረዋል። ሲታሰር ግን ሰውና ጭነት ይሸከማል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባል የለ? ማሰሪያው ከላላ ኅብረቱ ፈረሰ ማለት ነው።

አንዲት ገመድ ያመጣችው ጣጣ

የገመድን ነገር ለመረዳት ከጣና ደንገል ጋር የተያያዘ አንድ ታሪክ እናንብብ።

ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው ነበር። የጥንት ግብፃውያን ከአራት ሺህ ዓመት በፊት የደንገል ጀልባ ይሠሩ ነበር። ሰውየው በእንዲህ ያለ ጀልባ ታላቁን የአትላንቲክ ውቅያኖስ መሻገር ይቻል እንደሆነ ሊፈትን ፈለገ። ደንገሉን ያስመጣው ከየት ነው? ከእኛው ከጣና ሐይቅ ነው። ደንገሉ ተቆርጦና ደርቆ ወደ ግብፅ ተወሰደ። እዚያም ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ጀልባውን ሠሩት። ስሙም «ራ» ተባለ።

ራ በግንቦት ወር 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነሳ። አዋቂ ነን የሚሉ ሰዎች ደንገል ከሁለት ሳምንት በላይ ውሃ ላይ አይቆይም ብለው ነበር። ጀልባው ግን ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። ይሁን እንጂ ሳያርፍ ተበላሸ። ለምን? በጥንት የግብፅ ሥዕሎች ላይ ወደ ላይ የተቆለመመውን የኋላውን ጫፍ ከጀልባው ወለል ጋር የሚያያይዝ ገመድ ይታያል። ይህ ገመድ ለጌጥ ወይም ጫፉን ለማጉበጥ ብቻ የታሰረ መስሎ ስለታየ ሳይደረግ ቀረ። ገመዱ ግን ኋላውን ደግፎ የሚይዝ ነበር። ገመዱ ስለሌለ የጀልባው ኋላ ጎበጠ፣ ወደ ውሃው ወረደ፣ ማዕበሉም ወጣበት። ቀጥሎ በአንድ ጎኑ ያሉት ማሰሪያዎች ተበጠሱና ደንገሉ እየተፈታ ሄደ። ሰዎቹ ተርፈው ጀልባውን ትተውት ወጡ።

ሄየርዳል ተስፋ አልቆረጠም። በዓመቱ ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ አራት ባለሙያዎች አስመጣ። ደንገሉ አሁንም የጣና ነበር። «ራ ሁለት» 12 ሜትር ያህል ርዝመት ነበራት፤ አስተሳሰሯም ጠበቅ ያለ ነበር። በግንቦት 1962 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነስታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ከምትባል ደሴት ደረሰች።

ልብ እንበል። በሁለቱም ጊዜ ደንገሉ የጣና ነበር። ልዩነቱ የአሠራሩና የአስተሳሰሩ ነበር።

አሮጌ ታንኳን እንዴት እንጠግን?

1. ማድረቅ፦ ከሥራ ስንመለስ ታንኳውን ውሃ ላይ አስረን አንተወው። ወደ ደረቅ መሬት ጎትተን እናውጣ። ውሃው እንዲንጠፈጠፍ አቁመን ወይም አጋድመን ፀሐይ እናስመታው። ታንኳ በጥሩ አያያዝ ጥቂት ወራት ያገለግላል። ውሃ ላይ የተተወ ግን ቶሎ ያልቃል።

2. መፈተሽ፦ ታንኳው ሲደርቅ ገልብጠን ሆዱን እንይ። በአውራ ጣት ጫን እንበለው። ጤነኛ ደንገል ጠንከር ይላል። የበሰበሰው ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ጣት ያስገባል። ቀጥሎ ማሰሪያውን ሁሉ ከአፍንጫው እስከ ኋላው አንድ በአንድ እንሳብ። የላላውንና የተፈተገውን ምልክት እናድርግበት።

3. አዲስ ደንገል ማዘጋጀት፦ የበሰለውን፣ ረጅሙንና ቀጥ ያለውን እንቁረጥ። ሥሩን አንንቀል፤ ሥሩ ከቀረ መልሶ ያቆጠቁጣል። የቆረጥነውን በፀሐይ እናድርቅ። እርጥብ ደንገል ለጥገና አይሆንም። በመጀመሪያ ነገር ከባድ ነው። ኋላም ሲደርቅ ስለሚኮማተር ዛሬ አጥብቀን ያሰርነው ገመድ ነገ ይላላል።

4. መተካት፦ የበሰበሰውን መዘን እናውጣና ደረቁን በቦታው እናስገባ። የአገዳው አንድ ጫፍ ወፍራም፣ ሌላው ጫፍ ቀጭን ነው። ስለዚህ እያፈራረቅን እናስገባ። መጋጠሚያዎቹም አንድ ቦታ ላይ አይዋሉ። አንዱ ጋ የሚያልቀው አገዳ በሌላው መካከል ይሁን። መጋጠሚያው ሁሉ አንድ ቦታ ከሆነ ታንኳው እዚያ ላይ ይሰበራል።

5. ማሰር፦ ማሰር የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ በእግሩ ረግጦ ያጠባል፣ ሌላው ይቋጥራል። ማሰሪያው ቀረብ ቀረብ ይበል። ያረጀ ገመድ አንቀጥል፤ በአዲስ እንለውጥ። አፍንጫውንና ኋላውን የሚስበውን ገመድም አንርሳ። ራን ያሰናከለው እሱ እኮ ነው።

6. መሞከር፦ የተጠገነውን ታንኳ መጀመሪያ ባዶውን፣ ዳር ዳሩን እንሞክር። ከዚያ ጥቂት ጭነት እንጨምር። ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል ከሆነ ወደ ዳር መልሰን እናስተካክል። ሳይሞከር ልጅና እህል ጭኖ ወደ ጥልቁ መግባት ጀግንነት አይደለም። ነፋስ ሲነሳና ማዕበል ሲበረታም ዳር ይዞ መጠበቅ ነው።

ሆዱ ሙሉ በሙሉ የበሰበሰ ታንኳ ግን አይጠገንም። እሱን አሳዝኖን ውሃ ላይ ብናወጣው እኛን አያዝንልንም። ሌላ እንሥራ።

ባለሙያውን እናክብር

በጣና ዙሪያ በታንኳ ሥራ የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ይህን ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርሱ ኖረዋል። ከዚያው ከውሃ ዳር ሣር ሰሌንና ቅርጫትም ይሠራሉ። ባለፉት ዘመናት በብዙ ቦታ የእጅ ሙያተኛ ይናቅ ነበር። ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ታንኳ ሠሪው ሁሉ ስም ይወጣላቸው ነበር። እየተሳደብን በማረሻቸው አርሰናል፤ እየናቅን በታንኳቸው ተሻግረናል። ይህ ልክ አይደለም። ታንኳ መጠገን የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ከእነዚህ ባለሙያዎች አጠገብ ቁጭ ብሎ ይማር።

ደንገሉ ከጠፋስ?

ደንገል ከሌለ ጥገናም የለም። ዛሬ በጣና ዳር ደንገል እየቀነሰ ነው። ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። ውሃው ሲሸሽ ዳሩ ይታረሳል፣ ከብት ይሰማራበታል። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ አወጣጥና አወራረድ ተለውጧል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም መጣ። መጀመሪያ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ በእኛው በኩል፣ የመገጭ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት አካባቢ ነው። እምቦጭ ውሃውን ይሸፍናል፣ የታንኳ መንገድ ይዘጋል፣ ሌላውን ተክል ያፍናል። ስለዚህ ደንገል ስንቆርጥ ሥሩን እንተው። ጥቂት ዳርቻም ሳናርስ እንተው። አረሙንም በኅብረት እንንቀል።

ለሁላችንም የሚሆን ትምህርት

ከሐይቁ ርቀን በደጋ የምንኖር ሰዎች «ታንኳ ምናችን ነው?» እንል ይሆናል። ግን ሞፈር ቀንበራችንን እናስታውስ። ማነቆው ሲበጠስ ቀንበሩን አንጥልም። ድግሩ ሲሰበር ሞፈሩን አናነድም። የተጎዳውን ለይተን እንለውጣለን። የቤት ክዳንም እንዲሁ ነው። ክረምት ሳይገባ አንዲት ቀዳዳ የደፈነ ሰው ሐምሌ ላይ ደረቅ መደብ ላይ ይተኛል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይህ ነው። ታንኳ፣ ማረሻና ጎጆ የሚጠፉት በአንድ ቀን አይደለም። የሚጠፉት ትንሿን ጉድለት አይተን ባለፍናት ቀን ነው።

ጥያቄዎች

1. ታንኳ ውሃ ገብቶበትም የማይሰጥመው ለምንድን ነው?
2. የታንኳ ሁለቱ ጠላቶች ምንና ምን ናቸው?
3. «ራ» ለምን ተበላሸች? «ራ ሁለት» ለምን ደረሰች?
4. እርጥብ ደንገል ለጥገና የማይሆነው ለምንድን ነው?
5. በቤታችን ካሉት ዕቃዎች በዚህ ሳምንት ልንጠግነው የሚገባ የትኛው ነው? ተወያዩበት።