በትንሽ ገንዘብ ጥሩ ድምፅ ስለ ማግኘት

ብዙ ጓደኞቻችን ዘፈን የሚሰሙበት መሣሪያ ድምፅ ሲያስጠላቸው ወዲያው የሚያስቡት ሌላ ስለ መግዛት ነው። ዳሩ ግን የተማሪ ኪስ የታወቀ ነው፤ ለስፒከር የሚወጣው ብር ከምግብ ወይም ከቤት ኪራይ ላይ የሚቀነስ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ፣ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ወይስ የክፍሉ? የሚለው ነው።

በጪጩ ወይም በዲላ የሚከራይ አንድ ክፍል እንውሰድ። ግድግዳው ጭቃ ተመርጎ ተለስኗል፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። እነዚህ ጠጣርና ልሙጥ ስለሆኑ፣ መስታወት ብርሃንን እንደሚመልስ ድምፅን ይመልሱታል። በቀጥታ የመጣውና ከግድግዳ የተመለሰው ድምፅ ሲደራረቡ የዘፋኙ ቃል ይደበዝዛል። ለማረጋገጥ በክፍሉ መካከል ቆሞ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ይበቃል፤ ከጭብጨባው በኋላ ትርታ ከተሰማ ክፍሉ መታረም አለበት። እርማቱም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ሽቦ፦ መሣሪያውን ካጠፉ በኋላ የሁለቱ ስፒከሮች ቀይና ጥቁር ሽቦ በየቦታቸው መግባታቸውን መመልከት ነው። የአንዱ ከተገለበጠ፣ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ በዚህም ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ይህ እርማት ሳንቲም አይጠይቅም።

2ኛ/ ቦታ፦ ሁለቱ ስፒከሮችና የሰሚው ራስ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል በጆሮ ቁመት ይሁን። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 3.4 ሜትር ነው። ይህ ከክፍሉ ስፋት ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ፣ ስፒከሩን ግማሽ ሜትር ማንቀሳቀስ እንኳ የሚሰማውን ይለውጣል። ስፒከር ከጥግ ሲገባ ወፍራሙ ድምፅ ያለ ልክ ያጉረመርማል፤ ሰሚውም ግድግዳ ተደግፎ ሲቀመጥ እንደዚሁ ነው።

3ኛ/ ግድግዳ፦ ጌዴኦ የእንሰት አገር ነው፤ እንሰት ሲፋቅም ቃጫ ይገኛል። በደንብ የደረቀ ቃጫ በጆንያ ተሞልቶ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ሲኖረው ድምፅን ይውጣል። ምክንያቱም አየሩ በክሮቹ መካከል ሲርገበገብ በመፋተግ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የሚሰቀልበትን ቦታ ለማወቅ፣ ሰሚው በመቀመጫው ሳለ ጓደኛው በጎን ግድግዳ ላይ መስታወት እያንሸራተተ ይሂድ፤ ስፒከሩ በመስታወቱ ውስጥ የታየበት ቦታ የጆንያው ቦታ ነው። ቃጫ በሌለበት ወፍራም ብርድ ልብስ በመጠኑ ይረዳል። ዳሩ ግን ቃጫ እሳት ይወዳል፤ ከከሰል ምድጃና ከኤሌክትሪክ ምድጃ ይራቅ። እርጥበት ካገኘውም ይሻግታል። ወፍራሙን ድምፅ ግን ይህ ውፍረት አይበግረውም፤ የእርሱ መድኃኒት በ2ኛው ቁጥር የተነገረው ነው።

4ኛ/ ኃይል፦ ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት መሸጋገር ድምፁን እጥፍ የሚያደርግ ይመስላል። በእውነቱ የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ግን ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ ሊጠጋ ይገባል። ስለሆነም ለዋት ቁጥር ብቻ ተብሎ የሚከፈል ብር ብዙ ጥቅም የለውም።

እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው፣ በደንብ በምናውቀው አንድ ዘፈን ይፈተን። ለምሳሌ አምሃ እሸቴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1969 ጀምሮ ካሳተማቸው ሸክላዎች በአንዱ ላይ የቤዝ ጊታሩን ምት ከከበሮው ለይተን፣ የዘፋኙንም ቃል ሳንገምት ከሰማን ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው። እነዚያ ሙዚቀኞች የደከሙበትን በሙሉ መስማት ለእኛም ለእነርሱም ተገቢ ነው።

የተቀደደ ስፒከር በዚህ ዘዴ አይድንም፤ ወደ ጠጋኝ መሄድ አለበት። በቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን የዝናብ ድምፅም ጆንያው አያስቆመውም። ከዚህ በቀር አራቱን ነገሮች በተራ ሞክሮ ለውጥ ያላገኘ ሰው፣ ያን ጊዜ ስለ መግዛት ቢያስብ አይወቀስም።