በሩቅ የዘነበ ዝናብ

«እንግዳ ደራሽ፥ ውኃ ፈሳሽ» ይላሉ አባቶቻችን። እኛም የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ባለፈው ሐምሌ ወር እንግዳና ውኃ በአንድ ጠባብ መንገድ ወደሚያልፉበት ሥፍራ ሄደን ነበር። ሥፍራው በአሜሪካ አገር፥ በአሪዞና ግዛት፥ ፔጅ ከምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የአንቴሎፕ ሸለቆ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሸለቆው እንዴት እንደ ተሠራ፥ በዚያ ምን አደጋ እንደ ደረሰ፥ እኛም በዚያ ቀን በምን ነገር አጉረምርመን ኋላ እንዳፈርን እንገልጻለን። ዓላማችን የጉዞ ወሬ ማውራት ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ጉዞ ለሚያስቡ ወንድሞችና እኅቶች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባውን ለማካፈል ነው።

ጉዞአችን

ከምንኖርባት ከላስ ቬጋስ ከተማ የተነሣነው ገና ሳይነጋ፥ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነበር። ቁጥራችን አሥራ አራት ሲሆን ሁላችንም የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተማሪዎች ነን። ለጉዞው የከፈልነው ገንዘብ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ሠርተን ለወራት ያጠራቀምነው ነው። መኪናውን የነዱልን የድሬዳዋ ተወላጅ የሆኑ አንድ አባት ናቸው፤ እኛ «ጋሼ» እያልን እንጠራቸዋለን።

መንገዱ ከአራት ሰዓት በላይ የሚያስኬድ ነው። ከኔቫዳ ተነሥቶ የአሪዞናን ጥግ ይነካና በዩታ ግዛት አልፎ እንደ ገና ወደ አሪዞና ይመለሳል። የዩታ ሰዓት በበጋቸው ወራት ከአሪዞና ሰዓት በአንድ ሰዓት ይቀድማልና የስልካችን ሰዓት በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተለዋወጠብን። የናቫሆ ሕዝብ ግዛትም በአሪዞና ውስጥ ሆኖ ሳለ በበጋ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ያደርጋል፤ የሸለቆው ጉብኝት ግን የሚመራው በፔጅ ከተማ ሰዓት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ቀጠሮው ሊያልፍበት ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይበጀዋል።

ሸለቆው በናቫሆ ሕዝብ መሬት ላይ ነው። እነርሱ ራሳቸውን በቋንቋቸው «ዲኔ» ይላሉ፤ ትርጓሜው «ሕዝብ» ማለት ነው። ሥፍራው እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በናቫሆ አስተዳደር የተጠበቀ መናፈሻ ሲሆን፥ ፈቃድ ያለው መሪ ሳይኖር ማንም ሰው ሊገባበት አይችልም። ቦርሳ ይዞ መግባትም ክልክል ነው። እኛን የመራችን በዕድሜ ከእኛ እምብዛም የማትበልጥ የዚያው አገር ልጅ ነበረች።

ሸለቆው እንዴት ተሠራ?

ሸለቆ ሲባል የአገራችን ሰው የሚያስበው እንደ ዓባይ በረሃ ያለውን ሰፊና ጥልቅ ቆላ ነው። ይህ ግን ከዚያ የተለየ ነው። ከላይ ሆኖ ለሚያየው በሜዳው ላይ የተሰነጠቀ ጠባብ ፍንክት ይመስላል። ወደ ውስጥ ሲወርዱ ግን ግድግዳው እንደ ተጠቀለለ ነጠላ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል፤ መተላለፊያውም በአንዳንድ ቦታ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ሸለቆው ሁለት ክፍል አለው። የላይኛው 200 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው በደልዳላ መሬት ይገቡበታል። የታችኛው ደግሞ 400 ሜትር ያህል ሲሆን በብረት መሰላል ይወርዱበታል። እኛ የሄድነው ወደ ታችኛው ነው።

የመሬት ጥናት ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ ይህ አለት ከ180 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነፋስ የከመረው የበረሃ አሸዋ ነበር። አሸዋው በዘመናት ብዛት ተጫጭኖና ተጣብቆ ድንጋይ ሆነ፤ በውስጡ ያለው የብረት ዝገትም ቀይና ብርቱካንማ መልክ ሰጠው። ይህን ድንጋይ የፈለፈለው የሰው እጅ አይደለም፤ በየጊዜው አሸዋና ጠጠር ይዞ የሚወርድ ጎርፍ ነው። ጎርፉ የያዘው አሸዋ እንደ ሞረድ ሆኖ አለቱን ይፍቀዋል። እጃችንን ስናሳርፍበት ልስልስ ብሎ ያገኘነው ግድግዳ በውኃ የተሞረደ ነው።

የናቫሆ ሰዎች የላይኛውን ሸለቆ በቋንቋቸው «ጼ ቢጋኒሊኒ» ይሉታል፤ ይኸውም «ውኃ በአለት መካከል የሚያልፍበት ሥፍራ» እንደ ማለት ነው። ወደዚያ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ቦታውን የብርሃንና የቀለም ሥፍራ አድርጎ ያስበዋል፤ ባለቤቶቹ ግን ስሙን ያወጡለት በውኃው ነው። እንግዲህ ስሙ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነበር። እኛ ግን ይህን ያስተዋልነው ኋላ ነው።

«ውኃው የት አለ?»

ከመንገዳችን እኩሌታ ያህል እንደ ሄድን መሪያችን በትከሻዋ ላይ የያዘችው ሬዲዮ ድምፅ ሰጠ። ጥቂት አዳመጠችና፥ «ፎቶግራፍ ማንሣቱን ተዉት፤ ተከትላችሁኝ ውጡ» አለችን። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እኛ ግን ቀና ብለን ብናይ በግድግዳዎቹ መካከል የሚታየው ሰማይ እንደ ሰማያዊ መቀነት ጥርት ያለ ነበር። ከመካከላችን አንዱ፥ «ሰማዩ እኮ ደመና የለበትም» አላት። እርሷም፥ «የምንፈራው ከላያችን ያለውን ሰማይ አይደለም» ብላ ወደ መሰላሉ አመለከተች።

ወጣን፤ ነገር ግን በደስታ አልወጣንም። አንዳንዶቻችን ሆን ብለን ወደ ኋላ ቀረት አልን፤ አንዲት እኅታችንም አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ለመጨመር ቆመች፤ መሪዋ ተመልሳ እጅዋን ይዛ አወጣቻት። ከላይ ሆነን ስንመለከት በስተ ደቡብ እጅግ ርቆ የእጅ መዳፍ የምታህል ጥቁር ደመና ታየች። ሁለት ሰዓት ያህል በፀሐይ ተቀምጠን ጠበቅን። ጎርፍ አልመጣም። ጉብኝቱም በዚያ ቀን እንደ ገና አልተከፈተም። ያን ጊዜ ከእኛ አንዱ፥ የከፈለውን ገንዘብ እያሰበ፥ «እንግዲህ ውኃው የት አለ?» ብሎ ጠየቃት። ሌሎቻችንም ዝም ብንል በልባችን ከእርሱ ጋር ነበርን።

እርሷ አልተቆጣችም። በዚያው በወጣንበት ሸለቆ ውስጥ የሆነውን ነገር ነገረችን። ነሐሴ 6 ቀን 1989 ዓ.ም.፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 12 ቀን 1997፥ ጎብኚዎች በታችኛው ሸለቆ ውስጥ ነበሩ። በሸለቆው ላይ የወረደው ዝናብ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ነገር ግን ወደ 11 ኪሎ ሜትር በሚርቅ የላይኛው ተፋሰስ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ነበር። ውኃው ተሰብስቦ በድንገት ደረሰ፤ በዚያን ጊዜ ከእንጨት የተሠሩትን መሰላሎች ጠራርጎ ወሰዳቸው፤ አሥራ አንድ ጎብኚዎችም ሞቱ። ጎርፉ ከወሰዳቸው ሰዎች መካከል በሕይወት የተረፈው አንድ የጉዞ መሪ ብቻ ነው።

ዛሬ በሸለቆው ያሉት የብረት መሰላሎች ከአለቱ ጋር በብሎን የተጣበቁ ናቸው፤ ከላይ የሚዘረጉ መረቦች፥ የአየር ጠባይ የሚነገርበት ሬዲዮና የማስጠንቀቂያ ጡሩንባም ተዘጋጅተዋል። ጎርፉ ግን አልቀረም። በጥቅምት ወር 1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) ለ36 ሰዓት የቆየ ጎርፍ መጥቶ የታችኛው ሸለቆ ለአምስት ወር ተዘግቶ ነበር። ይህንን ስንሰማ ጠያቂው ወንድማችን አንገቱን ደፋ።

ጋሼ የነገሩን

በመመለሻችን ላይ መኪናው ውስጥ ዝምታ ሆነ። ያን ጊዜ ጋሼ፥ «ልጆቼ፥ እናንተ ይህን ነገር አዲስ ያደረጋችሁት አገራችሁን ስለማታውቁ ነው» አሉን። ከዚያም ስለ ደቻቱ አጫወቱን። ደቻቱ የድሬዳዋን ከተማ ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፥ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በልጅነታቸው እናታቸው፥ «አሸዋውን አትመኑት፤ ደጋው ከዘነበ እርሱ ይመጣል» እያሉ ከጨዋታ ይጠሯቸው እንደ ነበር ነገሩን። «እኛም እንደ እናንተ እናጉረመርም ነበር» አሉ። «ስንት ጊዜ ተጠርተን ገባን፤ ውኃውም አልመጣም።»

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 2006) ሌሊት ግን መጣ። በሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ በደቻቱ ወርዶ የተኙ ሰዎችን በየቤታቸው ደረሰባቸው፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩትም ቤት አልባ ሆኑ። የአሪዞናው አለትና የድሬዳዋው አሸዋ እጅግ የተራራቁ ቢሆኑም የሁለቱም ሕግ አንድ ነው። አባቶቻችን ይህን ውኃ «ደራሽ ውኃ» ያሉት በከንቱ አይደለም። ዝናቡ የሚዘንበው በአንድ ሥፍራ ነው፤ ውኃው የሚደርሰው ግን በሌላ ሥፍራ፥ ምንም ባላየ ሰው ላይ ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። የበረሃ መሬት ደረቅና ድንጋያማ ስለሆነ የወረደበትን ዝናብ ፈጥኖ አይመጠውም፤ ውኃው ይንሸራተትና በየፈፋው ይሰበሰባል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ውኃ ክብደቱ አንድ ቶን ነው። ከሰፊ ሜዳ የተሰበሰበው ይህ ሁሉ ክብደት አንድ ሰው በጎኑ ወደሚያልፍበት ስንጥቅ ሲገባ ወደ ጎን መስፋት አይችልምና ወደ ላይ ይነሣል፥ ፍጥነቱም ይበረታል። በዚያ ሰዓት ዋና መቻል ወይም ጉልበት አይጠቅምም። የሚጠቅመው ቀድሞ መውጣት ብቻ ነው።

ከዚህ የምንማረው

አንደኛ፥ ወደ እንዲህ ያለ ሥፍራ የሚሄድ ሰው የሚሄድበትን ቦታ የአየር ጠባይ ብቻ ሳይሆን ውኃው የሚመጣበትን የላይኛውን አገር የአየር ጠባይ ይጠይቅ። በዚያ በረሃ የነጎድጓድ ዝናብ የሚበዛው ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ ነው፤ ከላይ እንዳየነው ግን ከዚህ ጊዜ ውጭም ጎርፍ ይመጣል።

ሁለተኛ፥ ከመግባቱ በፊት መውጫው የት የት እንደ ሆነ መሪውን ይጠይቅ። የሚጠጣ ውኃ፥ የፀሐይ መከላከያ ቆብና የማያንሸራትት ጫማም አይርሳ።

ሦስተኛ፥ «ውጡ» ሲባል ምክንያቱን ከወጣ በኋላ ይጠይቅ። የእኛ ስሕተት መጠየቃችን አይደለም፤ መሰላሉ ሥር ቆመን መጠየቃችን ነው። መሪዋ የዕድሜ እኩያችን በመሆንዋም ቃልዋን አቅልለን ነበር። ዕውቀት ግን በዕድሜ ሳይሆን ሥፍራውን በመልመድ ይገኛል።

አራተኛውና ዋናው ይህ ነው። በጊዜው የተሰማ ማስጠንቀቂያ ብዙ ጊዜ ከንቱ መስሎ ይታያል፤ ሰዎቹ ወጥተዋልና፥ ምንም አልሆነምና። በከንቱ ብንወጣ የምናጣው የአንድ ቀን ደስታና ጥቂት ገንዘብ ነው። በከንቱ ብንቀር ግን የምናጣው ነገር መመለሻ የለውም። ስለዚህ ሁለቱን ስሕተቶች በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማዋለን፤ ነገር ግን ቅጠሉን የያዘውን ሰው እሳቱ ካልታየን በቀር አናመሰግነውም።

ያ ጠያቂ ወንድማችን ከፔጅ ሳንወጣ፥ ገና መኪናው ሳይነሣ፥ ወርዶ ወደ መሪዋ ተመልሶ ይቅርታ ጠይቋት ነበር። ምን እንዳለችው ስንጠይቀው፥ «ሣቀችና፥ ሁሉም ሰው ይህንኑ ይጠይቀኛል፤ በሕይወት ቆሞ የሚጠይቀኝን ሰው ማየት ደስ ይለኛል አለችኝ» አለን። የቀረንን እኩሌታ መንገድ አንድ ቀን ተመልሰን እናየው ይሆናል። ሸለቆው እንደ ሆነ አይሄድም፤ ዋናው የሚመለሰው ሰው መኖሩ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ደመና በሌለበት ሰማይ ሥር ሸለቆው ለምን አደገኛ ሊሆን ይችላል? የደቻቱን ወንዝ ምሳሌ አድርጋችሁ አስረዱ።

2. ወላጆቻችን ወይም ታላላቆቻችን ካስጠነቀቁን ነገር ምንም ሳይሆን በመቅረቱ ብቻ «በከንቱ ነው» ያልነው የትኛው ነው? አንድ አንድ እየጠቀሳችሁ ተወያዩበት።

3. በምትኖሩበት አካባቢ ሲደርቅ ሰው የሚሄድበት፥ ሲዘንብ ግን ውኃ የሚወርድበት ሥፍራ አለ? ውኃው ከየት እንደሚመጣ ጠይቃችሁ ለሚቀጥለው እሑድ አቅርቡ።