የበርበሬ ሞዛይክ በሽታ፦ መለያው፣ መተላለፊያውና መከላከያው

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

በርበሬ ለገበሬው የወጥ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን ጥሬ ገንዘብ የሚያስገኝ ሰብል ነው። በማረቆ፣ በአላባ፣ በባኮና በሌሎችም በርበሬ አብቃይ አካባቢዎች ብዙ ቤተሰብ የማዳበሪያ ዕዳውን የሚከፍለውና የልጆቹን ልብስና ደብተር የሚገዛው ከበርበሬ ሽያጭ ነው። ይህን ገቢ ከሚያጎድሉት በሽታዎች አንዱ ሞዛይክ ነው። በሽታው የሚመጣው ከቫይረስ ስለሆነ አንድ ጊዜ የታመመ ተክል በምንም መድኃኒት አይድንም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ በመከላከል ላይ ያተኮረ መሆን አለበት።

2. የበሽታው መንስዔ

እ.ኤ.አ. በ1886 አዶልፍ ማየር የተባለ ተመራማሪ በሆላንድ አገር የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጭማቂ ወደ ጤነኛ ተክል ሲገባ ጤነኛው እንደሚታመም አሳየ፤ በሽታውንም ሞዛይክ ብሎ ሰየመው። በ1892 ኢቫኖቭስኪ የተባለው የሩስያ ተመራማሪ ጭማቂው ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ ካለፈ በኋላም በሽታ ማምጣቱን አረጋገጠ። የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ እጅግ ጥቃቅን በትር ይመስላል፤ 3,300 ያህሉ ጫፍ ለጫፍ ቢሰለፉ ርዝመታቸው ከ1 ሚሊሜትር አያልፍም።

በርበሬን የሚያጠቁት ቫይረሶች ብዙ ናቸው። የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ፣ የድንች ቫይረስ ዋይ፣ የኩከምበር ሞዛይክ ቫይረስ እንዲሁም በአገራችን ስም የሚጠራው የኢትዮጵያ የበርበሬ ሞትል ቫይረስ ይጠቀሳሉ። በማሳ ላይ በዓይን ብቻ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ሆኖም የሚተላለፉበትን መንገድ ማወቅ ለመከላከል ይበቃል።

3. የበሽታው ምልክቶች

- በለጋ ቅጠሎች ላይ ፈዛዛና ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ተዘበራርቆ ይታያል።
- ቅጠሉ ይጠባል፣ ይጨማደዳል፣ ይጣመማል።
- ተክሉ ይቀጭጫል፤ አበባውም ይረግፋል።
- ፍሬው ትንሽና ጎባጣ ይሆናል፤ ሲበስልም ቀለሙ አንድ ዓይነት አይሆንም።

ተክሉ በችግኝነቱ ከታመመ ጉዳቱ ከፍተኛ ነው። ፍሬ ከያዘ በኋላ የታመመ ግን ከሞላ ጎደል ምርቱን ሊሰጥ ይችላል።

ይህን በሽታ ከሌላ ችግር ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። ገበሬው ማዳበሪያ ያነሰው መስሎት ዩሪያ ይጨምራል፤ ገንዘቡን ያወጣል፤ ተክሉ ግን አይሻሻልም። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ምክር ከመስጠቱ በፊት የሚከተሉትን ያጣራ።

ሀ. የናይትሮጂን እጥረት ከታችኛው ያረጀ ቅጠል ጀምሮ ወጥ በሆነ ሁኔታ ያስቢጫል። ሞዛይክ ግን በለጋው ቅጠል ላይ ይጎላል፤ ቀለሙም ዝንጉርጉር ነው።

ለ. በአጎራባች የጤፍ ወይም የስንዴ ማሳ ላይ የተረጨ 2,4-ዲ የአረም መድኃኒት በነፋስ መጥቶ የበርበሬን ቅጠል ያጠባል፣ ያጣምማል። በዚህ ጊዜ ጉዳቱ በነፋሱ አቅጣጫ ባለው የማሳ ጠርዝ ላይ በአንድ ጊዜ ይታያል። ሞዛይክ ግን እዚህም እዚያም በተበታተኑ ተክሎች ይጀምርና ቀስ በቀስ ይስፋፋል።

4. የሚተላለፍባቸው መንገዶች

በእጅና በመሣሪያ፦ የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ በጭማቂ ይተላለፋል። የታመመውን ተክል የነካ እጅ፣ ልብስ ወይም መኮትኮቻ ጤነኛውን ሲነካ በሽታውን ያደርሳል። ቫይረሱ በደረቀ የትምባሆ ቅጠል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ ሲጋራ ያጨሰ ወይም ሱረት የነካ ሰው ችግኝ ሊበክል ይችላል።

በዘር፦ ይኸው ቫይረስ በዘሩ ሽፋን ላይ ተጣብቆ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል።

በክሽክሽ፦ የድንች ቫይረስ ዋይን፣ የኩከምበር ሞዛይክንና የበርበሬ ሞትልን የሚያስተላልፈው ክሽክሽ ነው። ክሽክሹ የታመመውን ቅጠል በጥቂት ሴኮንድ ወግቶ ቫይረሱን ይወስዳል፤ ወዲያው በሌላው ተክል ላይ ያራግፋል። ፀረ ተባይ እስኪገድለው ድረስ ሥራውን ጨርሷል። በመሆኑም ሞዛይክን ለማቆም ብሎ መድኃኒት ደጋግሞ መርጨት ባብዛኛው ገንዘብ ማባከን ነው።

5. የመከላከያ ዘዴዎች

ዋናው የጥንቃቄ ቦታ የችግኝ መደብ ነው። አንድ ማኅበር 10,000 ችግኝ አፍልቶ ከ100 ሁለቱ ብቻ ቢታመሙ 200 የታመሙ ችግኞች ይሆናሉ። ለ10 አባላት እኩል ቢታደሉ በእያንዳንዱ ማሳ 20 የበሽታ መነሻ ተተከለ ማለት ነው።

ሀ. ዘር ከጤነኛ እናት ተክል ብቻ ይለቀም። ተክሉ ማሳ ላይ እንዳለ በክር ምልክት ይደረግበት። ከተከመረ በርበሬ ላይ ዘር መምረጥ አይገባም።

ለ. ትራይሶዲየም ፎስፌት ከተገኘ 100 ግራም በ1 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ ዘሩ ለ15 ደቂቃ ይነከር፤ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይታጠብና በጥላ ይድረቅ። ሠራተኛው የእጅ ጓንት ያድርግ። የታከመ ዘር ለምግብ አይውልም።

ሐ. መደቡ ከቲማቲም፣ ከድንች፣ ከትምባሆና ከቆየ የበርበሬ ማሳ ይራቅ፤ ክሽክሽ በማያስገባ ስስ መረብ ይሸፈን። በአካባቢው ያለ አውጥና አስተናግር ይነቀል፤ እነዚህ አረሞች የቫይረሱ መጠለያ ናቸው።

መ. ችግኝ ከመንካት በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ። በሥራ ላይ ሲጋራ አይጨስ።

ሠ. በማሳው ዙሪያ 2 ወይም 3 መስመር በቆሎ ከበርበሬው ተከላ 4 ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ይዘራ። ክሽክሹ መጀመሪያ በበቆሎው ላይ አርፎ ሲወጋ የያዘውን ቫይረስ ያራግፋል።

ረ. ከተከላ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ማሳው በየሳምንቱ ይታይ። የታመመ ተክል በከረጢት ተደርጎ ይውጣና ይቃጠል ወይም ይቀበር። በድንበር ላይ አይጣል፤ ወደ ብስባሽም አይጨመር። ኩትኳቶ ከጤነኛው ክፍል ተጀምሮ በታመመው ይጨረስ።

ሰ. በዚያው መሬት ላይ ቢያንስ ለ2 ዓመት ጤፍ፣ በቆሎ ወይም ማሽላ ይፈራረቅ።

ገበሬው አበባ የያዘ ተክል መንቀል ይከብደዋል፤ ይህም የሚያስገርም አይደለም። የልማት ሠራተኛው ከማዘዝ ይልቅ አብሮት ይቁጠር። በመስመሮች መካከል 70፣ በተክሎች መካከል 30 ሴንቲሜትር ተደርጎ ሲተከል በሄክታር 47,600 ያህል ተክል ይኖራል። ከ100 አንዱ ቢነቀል የሚጎድለው 476 ነው፤ ከ47,000 በላይ ይቀራል። ምልክቱ በማሳው ሁሉ ከተስፋፋ ግን መንቀሉ አይጠቅምም፤ የሚበጀው ከዚያ ማሳ ዘር አለመያዝና የሚቀጥለውን ዓመት መደብ ማጽዳት ነው።

6. ለማኅበሩ አባላት የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ዓመት ዘር የያዝነው ከየትኛው ማሳ ነው? ማሳው ጤነኛ ነበርን?
2. የችግኝ መደባችን አጠገብ ምን ተተክሏል?
3. ችግኝ ከመታደሉ በፊት መደቡን ተመልክቶ የታመመውን የሚያስወግድ ማን ነው?

ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ “ሁላችንም” ከሆነ ሥራው ሳይሠራ ይቀራል። ስለዚህ ማኅበሩ ሁለት ሰዎች በስም መርጦ ኃላፊነቱን ይስጣቸው።