የመግቢያ ትእዛዝ፦ ለእያንዳንዷ የራሷን ማኅደር መክፈት

ውድ እኅቶቻችን፣ በዕረፍት ቀናችሁ የኮምፒውተር ትምህርት የምትከታተሉ ብዙዎች ናችሁ። በአንድ ኮምፒውተር ላይ አሥር ሰው ተራ በተራ ሲቀመጥ የአንዷ የሥራ ውል ቅጂ፣ የሌላዋ ፓስፖርት ፎቶ፣ የሦስተኛዋ ለእናቷ የጻፈችው ደብዳቤ በአንድ ቦታ ይከማቻል። አንዷ ሳታስበው የሌላዋን ብታጠፋ ማንን እንወቅሳለን? ስለዚህ የዛሬው ትምህርት ለነገ ሙያ ብቻ ሳይሆን ለዛሬም ይጠቅመናል።

1. ምንድን ነው?

ሰርቨር ሌሎቹን ኮምፒውተሮች የሚያገለግል ዋና ኮምፒውተር ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር የተጠቃሚዎችን ስምና የይለፍ ቃል አክቲቭ ዳይሬክተሪ በሚባል መዝገብ ይይዛል። ሎጎን ስክሪፕት ወይም የመግቢያ ትእዛዝ የምንለው፣ ተጠቃሚዋ ስሟንና የይለፍ ቃሏን ሰጥታ በገባች ቁጥር ኮምፒውተሩ ራሱ የሚፈጽመው ዝርዝር ነው። ማዳም ማቀዝቀዣው ላይ እንደምትለጥፈው የሥራ ዝርዝር ቁጠሩት። አንዴ ከተጻፈ በየቀኑ መናገር አያስፈልግም።

2. አዘገጃጀቱ

ሀ) በሰርቨሩ ላይ አንድ ዋና ማኅደር ክፈቱ። በኔትወርክ ይጋራ፤ ተጠቃሚዎቹም እንዲጽፉበት ይፈቀድ። በውስጡ ለእያንዳንዷ በመግቢያ ስሟ ማኅደር ክፈቱ። ከዋናው የሚወረሰውን ፈቃድ አቋርጡና ለባለቤቷና ለአስተዳዳሪው ብቻ ፍቀዱ።

ለ) ኖትፓድ ከፍታችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ መስመር ጻፉ፦ ኔት ዩዝ፣ ቀጥሎ ኤች ከሁለት ነጥብ ጋር፣ ክፍት ቦታ፣ ሁለት ባክስላሽ፣ የሰርቨሩ ስም፣ ባክስላሽ፣ የዋናው ማኅደር ስም፣ ባክስላሽ፣ በመጨረሻም በሁለት የፐርሰንት ምልክቶች መካከል ዩዘርኔም የሚለው ቃል። ኮምፒውተሩ በዚህ ቃል ቦታ የገባችውን ሰው ስም ይተካል። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ ለሁሉም ይበቃል።

ሐ) ስታስቀምጡ የፋይሉ ስም በነጥብ ባት ይለቅ። ኦል ፋይልስ የሚለውን ካልመረጣችሁ ኖትፓድ ነጥብ ቲኤክስቲ ጨምሮበት አይሠራም።

መ) ፋይሉን በዶሜይን ኮንትሮለሩ ላይ ኔትሎጎን በሚባለው የጋራ ማኅደር ውስጥ አስገቡ።

ሠ) በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ተጠቃሚዋን መርጣችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ፕሮፋይል የሚለውን ክፈቱ። ሎጎን ስክሪፕት በሚለው ሣጥን የፋይሉን ስም ብቻ ጻፉ።

ተጠቃሚዎቹ ብዙ ከሆኑ በግሩፕ ፖሊሲ በአንድ ጊዜ ማዘዝ ይቻላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው ዊንዶውስ 8.1 ጀምሮ በግሩፕ ፖሊሲ የታዘዘ የመግቢያ ትእዛዝ፣ ካልተለወጠ በስተቀር፣ ከገባን 5 ደቂቃ በኋላ ነው የሚጀምረው። «አልሠራም» ብላችሁ አትቸኩሉ።

3. ጥንቃቄ

አንደኛ፣ መንገድ ማሳየት በር መቆለፍ አይደለም። የመግቢያ ትእዛዙ እያንዳንዷን ወደ ማኅደሯ ይመራል እንጂ ሌላውን አይከለክልም። ቁልፉ በፊደል «ሀ» የሰጠነው ፈቃድ ነው። አስተዳዳሪው ግን ሊከፍተው ስለሚችል የሚታመን ሰው መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ በትእዛዙ ውስጥ የይለፍ ቃል ከቶ አትጻፉ። ኔትሎጎንን የዶሜይኑ ተጠቃሚ ሁሉ ማንበብ ይችላል። የካዝናውን ቁጥር ማቀዝቀዣ ላይ የሚለጥፍ ማን ነው?

ሦስተኛ፣ ለሁሉም ከማዘዛችሁ በፊት ለሙከራ በተከፈተ አንድ ስም ሞክሩ።

አራተኛ፣ ሥራችሁን ስትጨርሱ ሎግ ኦፍ አድርጋችሁ ውጡ። ሳትወጡ ከተነሣችሁ ቀጥላ የምትቀመጠው በእናንተ ማኅደር ውስጥ ናት። ያን ጊዜ ሰርቨሩም ፈቃዱም አያድናችሁም።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. አንዱ ጽሑፍ ለአሥር ተጠቃሚ የሚበቃው በየትኛው ቃል ምክንያት ነው?
2. የመግቢያ ትእዛዝ ብቻውን ደብዳቤያችንን ከሌላ ዓይን የማይጠብቀው ለምንድን ነው?
3. ትእዛዙ ሳይሠራ ቢቀር በቅድሚያ ምን ምን ትመለከታላችሁ?

መልሱን በየደብተራችሁ ጽፋችሁ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩበት። እስከሚቀጥለው ቸር ያሰንብተን።