የእንግሊዝን በሽተኛ ማን አስታመመ?

በ1940 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ሕዝቡን በነፃ ማከም ጀመረ። ሐኪም ቤቱ በበሽተኛ ተጨናነቀ፤ ነርስ ግን ጠፋ። ታዲያ መንግሥት ከጃማይካና ከባርባዶስ ወጣት ሴቶችን ለነርስነት አስመጣ። ከህንድና ከፓኪስታንም ሐኪሞች መጡ። ሌሊት በሥራ የሚያድሩት፣ ቁስል የሚያጥቡት፣ ሽማግሌ የሚያገላብጡት እነዚህ ሆኑ። እንዲያም ሆኖ ብዙዎቹ በቆዳቸው ቀለም ተናቁ፤ ቤት እንኳ የሚያከራያቸው አጡ።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ሲገባ ቀድመው ከሞቱት ሐኪሞች መካከል የጎረቤታችን የሱዳን ተወላጆች ነበሩ።

ወገኖች፣ ነገሩን በሁለት በኩል እንየው። የሚያክም እጅ እንግዳ ተብሎ መናቅ የለበትም። ደግሞም ሐኪሙን አስተምሮ ያደረሰው ድኻ አገር ነው፤ ሐኪሙ ሲሄድ የዚያ አገር በሽተኛ ማንን ይጠራል?

ጥያቄ፦ ማን ተጠቀመ? ማንስ ተጎዳ? ተወያዩበት።